ዝም ያለ ደወል ሁሉ ደኅና አይደለም

ማንም አስተዋይ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ ሳያስቈጥር መዝገቡን ብቻ አምኖ ሒሳቡን አይዘጋም። በግድግዳው ላይ ያለውን የእሳት ማጥፊያ ግን ስለ ተሰቀለ ብቻ እንደሚሠራ አድርጎ ያምነዋል።

ሚዛን ቢበላሽ ገዢው ስለሚጮኽ ጕድለቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ግን ሥራው ተዘጋጅቶ መጠበቅ ስለ ሆነ፣ ቢበላሽም የሚናገርበት አፍ የለውም። የማጥፊያው ግፊት ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ዱቄቱ ይጋገራል፤ የደወሉ ባትሪ ያልቃል። ይህ ሁሉ የሚገለጠው እሳት በተነሣ ጊዜ ነው።

በእንግሊዝ አገር በበንስፊልድ የነዳጅ ማከማቻ ታኅሣሥ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 11 ቀን 2005) የደረሰው አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ሌሊት በ912 ቍጥር ታንክ ቤንዚን ሲሞላ የመጠን መለኪያው ተጣብቆ ቀረ። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ 14 ጊዜ ተጣብቆ ነበር። መለኪያው ቢሳሳት ታንኩ ሞልቶ ሳይፈስ ቤንዚኑን የሚያስቆም ሌላ መሣሪያም ተተክሎ ነበር። ነገር ግን የዚህ መሣሪያ መፈተሻ እጀታ በቦታው ጸንቶ እንዲቆይ በጓጕንቸር መያዝ ሲገባው ጓጕንቸሩ ስላልገባለት መሣሪያው ሳይሠራ ቀረ። ከ250,000 ሊትር የሚበልጥ ቤንዚን ፈሰሰ፤ ንጋት ላይ ፈንድቶ 43 ሰዎችን አቈሰለ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ያልተፈተሸ መከላከያ ባለቤቱን በከንቱ ያዘናጋዋል። ሁለተኛው፣ ፍተሻ ተፈጸመ የሚባለው መሣሪያው ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ ነው።

ፍተሻ ወጪ ነው፣ ሥራም ያስፈታል የሚሉ አሉ። ሥራ ማስፈታቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያስፈታው ነጋዴው በመረጠው ሰዓት ሲሆን፣ እሳት ግን ቀጠሮ አይጠይቅም። ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ በተሠራበት ገበያም የአንዱ ቸልተኝነት የጎረቤቱን ንብረት ይዞ ይጠፋል።

ስለዚህ የማጥፊያው መርፌ፣ ማኅተሙና ቱቦው በየወሩ ይታይ፤ በየዓመቱም ባለሙያ ይመርምረው። ደወሉና የውሃ መሳቢያው በእርግጥ ተነሥተው ይሞከሩ። ፈታሹ ቀኑንና ያገኘውን ጕድለት በመዝገብ ጽፎ ይፈርም፤ የተዘጋው ሁሉ መከፈቱንም ሌላ ሰው ያረጋግጥ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በቅጠል ሊጠፋ የሚችልበት ጊዜ አጭር መሆኑን ስላወቁ ነው።