«ለዋጋው ጥሩ ነው» የተባለው ማጉያ

«ለዋጋው ጥሩ ነው» የምትል አባባል አለች። ለሰሚ ምስጋና ትመስላለች፤ ውስጧ ሲታይ ግን «ገንዘብ ቢኖርህ ኖሮ ሌላ ትገዛ ነበር» ማለት ናት። በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ይህች አባባል ከሠላሳ ዓመት በላይ የተለጠፈችበት አንድ መሣሪያ አለ። የአሜሪካው ፒቪ ኩባንያ የሠራው፣ መጀመሪያ 5150፣ በኋላ 6505 ተብሎ የተጠራው ባለ ቲዩብ የጊታር ማጉያ ነው፤ ተጫዋቾቹ በአጭሩ «አምፕ» ይሉታል። ሄቪ ሜታል የሚያዳምጥ ሰው ስሙን ባያውቀው እንኳ ድምፁን ያውቀዋል። ያም ሆኖ ያገኘው ክብር የሠራውን ሥራ አይመጥንም። በእጅ የተሠሩ፣ ዋጋቸው የማይቀመስ አምፖች እንደ ጥበብ ሥራ ሲወደሱ ይኼኛው እንደ ሥራ ልብስ ይታያል፤ ይጠቅማል፣ ይበረክታል፣ ግን ማንም አያደንቀውም። ይህ ፍርድ የተዛባ ነው እላለሁ። ጥሩ መሣሪያ ነው ሲባል «ለዋጋው» የምትለዋ ቃል መውጣት አለባት፤ ርካሽነቱ በጥሩነቱ ላይ የተጨመረ ጸጋ እንጂ ለጉድለቱ የተሰጠ ማካካሻ አይደለም።

ፒቪ እ.ኤ.አ. በ1965 ሃርትሊ ፒቪ በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሜሪዲያን ከተማ የመሠረተው ኩባንያ ነው። ሜሪዲያን የሙዚቃ ንግድ የሚደራባት ከተማ አይደለችም። ኩባንያው ከመነሻው ያሰበውም ስለ ታላላቅ ኮከቦች ሳይሆን በሥራ ላይ ስላለው ተራ ሙዚቀኛ ነበር፤ እሱ ሊገዛው የሚችል፣ መኪና ላይ ሲጫንና ሲወርድ የማይበላሽ ዕቃ ማቅረብ። ከዚህ የተነሳ የፒቪ ስም ከጥንካሬ ጋር እንጂ ከክብር ጋር ተያይዞ አያውቅም፤ በ5150 ላይ የወረደው ንቀትም ግማሹ ከዚሁ ስም የተወረሰ ነው። በ1990ዎቹ መግቢያ ግን የፈለገውን አምፕ ማግኘት የሚችለው ዝነኛው ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለን ወደዚሁ ኩባንያ መጣና ከመሐንዲሱ ከጄምስ ብራውን ጋር ሠራ (ከዝነኛው ዘፋኝ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው)። አምፑ በ1992 ገበያ ላይ ዋለ። ኃይሉ 120 ዋት ነው፤ ድምፁን የሚቀርጹ 5 ትናንሽ 12AX7 ቲዩቦችና ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡ 4 ትላልቅ 6L6 ቲዩቦች አሉት። 5150 የሚለውን ቁጥር ቫን ሄለን ለስቱዲዮውም፣ በ1986 ለወጣው የባንዱ አልበምም ሰጥቶት ነበር፤ ምንጩ የአእምሮ ሕመምተኛን ያለፈቃዱ ለጊዜው ማቆየትን የሚመለከት የካሊፎርኒያ ሕግ አንቀጽ ነው።

የአምፑን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። ከጊታር የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። የአውራ ጣት ያህል የሆነው 12AX7 የመስታወት ቲዩብ በውስጡ ሁለት የማጉያ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ክፍል ያጎላውን ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ ያኛውም ደግሞ አጉልቶ ለተከታዩ። ቅብብሎሹ ሲደጋገም ምልክቱ ቲዩቡ ከሚችለው በላይ ይሆናል። ያኔ ቲዩቡ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ በመጀመሪያው ላይ ያልነበሩ ድርብ ድምፆችን ይወልዳል፤ ደካማው ድምፅ ከብርቱው ጋር ይተካከላል፤ አንዴ የተመታ ክርም ረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ይቆያል። ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ መበላሸትን ስለሚያመለክት ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል፤ የእኛ ጆሮ ግን ለነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በበገና ላይ አሥሩ አውታሮች ከሚያርፉበት ድልድይ ላይ፣ በየአውታሩ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እንዚራ ይሏታል። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ያንን ጥልቅ፣ የሚነዝር ድምፅ ያወጣል። ቆዳዋን ብናወጣት አውታሩ ጠርቶ ይሰማል፤ የምናውቀው የበገና ድምፅ ግን አብሯት ይሄዳል። የጸሎት መሣሪያን ከሄቪ ሜታል ጋር ማመሳሰሌ አይደለም። ጥሩ ድምፅ ማለት የጠራ ድምፅ ማለት ብቻ እንዳልሆነ አባቶቻችን አስቀድመው የወሰኑት ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ብዙ ዲስቶርሽን ማውጣት ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። ማጉያውን ደጋግሞ መደርደር ነው። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ድምፁ እየበዛ ሲሄድ ወፍራሙ የታች ድምፅ ይፈስና ሁሉንም ያጨቀየዋል፣ ፈጣን ምት በፈጣን ምት ላይ ሲደርብ አንዱ ከሌላው አይለይም። የዚህ ዓይነት አምፕ መፈተኛው ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ በቀኝ እጁ መዳፍ ክሩን አፈን አድርጎ በፍጥነት ሲመታ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይቆማል ወይስ ተያይዞ ይጎርፋል? 5150 ፈተናውን የሚያልፈው በማጉያዎቹ መካከል የተቀመጡት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ከመጎላቱ በፊት የታቹን ድምፅ በልክ ስለሚከረክሙለት ነው። የተከረከመው ደግሞ በመጨረሻው የኃይል ክፍል በኩል ይመለሳል፤ ፊቱ ላይ «ሬዞናንስ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ስፒከሩ የታቹን ድምፅ ምን ያህል እንዲገፋ የሚወስነው እሱ ነው። መጀመሪያ ማጥበቅ፣ በኋላ ማስፋት። ይህ ቅደም ተከተል የታሰበበት የምሕንድስና ውሳኔ ነው፤ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል የተገኘ ነገር አይደለም።

ውጤቱ በአልበሞች ላይ ይሰማል። ማሺን ሄድ የተባለው ባንድ በ1994 ባወጣው «በርን ማይ አይዝ» ላይ የሚሰማው የጊታር ግድግዳ የዚህ አምፕ ሥራ ነው። ከስዊድኑ ኢን ፍሌምስ እስከ አሜሪካው ትሪቪየም ድረስ በዚሁ አምፕ ድምፃቸውን የሠሩ ባንዶች ብዙ ናቸው። እንግሊዛዊው ፕሮዲውሰር አንዲ ስኒፕም በዚህ ድምፅ የአንድ ዘመን የሜታል ቀረጻ መለኪያ እንዲወጣ ካደረጉት አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ታዋቂ ከሆኑ በኋላ የትኛውንም አምፕ ወደ ስቱዲዮ ማስገባት ይችሉ ነበር። ውድ የሆኑትን ሞክረው እንደገና ወደ ርካሹ የተመለሱም አሉ። የሚችል ሰው በፈቃዱ የሚመርጠውን ዕቃ የድሃ ምርጫ ማለት አይቻልም።

«ያሸጠው የቫን ሄለን ስም ነው» የሚል ይኖራል። ይህን ክርክር ጊዜ ራሱ መልሶታል። በ2004 ቫን ሄለንና ፒቪ ተለያዩ፤ ጊታሪስቱ 5150 የሚለውን ስም ይዞ ሄደ፣ በኋላም ከፌንደር ጋር በራሱ መለያ ሌላ አምፕ አወጣ። ፒቪ የቀረለትን አምፕ 6505 ብሎ ሰየመው፤ ከ1965 እስከ 2005 የኩባንያውን 40 ዓመት የሚያስታውስ ቁጥር። የውስጡ ሥራ በመሠረቱ ያው ነበር። ኮከቡ ሄደ፣ ስሙ ተፋቀ፣ አምፑ ግን ከሜታል ባንዶች መድረክ ላይ አልወረደም፤ እንዲያውም በ2000ዎቹ የመጣው አዲስ ትውልድ የሚያውቀው በ6505 ስሙ ነው። ስም ብቻውን ቢሸጠው ኖሮ ስሙ ሲሄድ ገበያውም በሄደ ነበር።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የአሠራሩ ነው። ውድ አምፖች በባለሙያ እጅ፣ ሽቦ በሽቦ ተበይደው ይሠራሉ፤ 5150 ግን ክፍሎቹ በታተመ ሰርኪት ቦርድ ላይ ተደርድረው በፋብሪካ የተመረተ ነው። ቲዩብ የሚሰካበት ሶኬት ሳይቀር ቦርዱ ላይ ስለተበየደ በሙቀትና በመነቃነቅ ብየዳው ሊላቀቅ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ ጠጋኞችም ያውቁታል። ነገር ግን ሁለት ጉዳዮች እዚህ ላይ ተደባልቀዋል። የእጅ ሥራ ለጥገና ይመቻል፣ ለዓይንም ያምራል፤ ድምፁን የሚወስነው ግን የሰርኪቱ ንድፍና የክፍሎቹ ልክ ነው። ኤሌክትሪክ መንገዱ ሽቦ ይሁን የታተመ መዳብ አይጠይቅም። ማይክ ሶልዳኖ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ኤስኤልኦ 100 ውድ ሆነው ከሚከበሩት አምፖች አንዱ ነው፤ የ5150 የመጀመሪያ ክፍል ከእሱ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ንድፉን ማንበብ የሚችል ሰው ያየዋል። አንዱን ሐሳብ በውድ ሲሸጥ ጥበብ፣ በብዛት ተመርቶ ተራው ሙዚቀኛ እጅ ሲገባ ሸቀጥ ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ባያስ ስለሚባለው ነገር ነው፤ ምንም ድምፅ በሌለበት ጊዜ በኃይል ቲዩቦቹ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ማለት ነው። በ5150 ላይ ይህ መጠን በቋሚ ሬዚስተር ተወስኖ፣ ያውም ዝቅ ተደርጎ ይመጣል፤ ማስተካከያ የለውም። «ቀዝቃዛ ነው፣ ድምፁን ያሻክረዋል» ይላሉ። መሻከሩን አልክድም። ግን በዚህ አምፕ ላይ ዲስቶርሽኑ የሚፈጠረው በትናንሾቹ ቲዩቦች ነው፤ ትላልቆቹ የሚጠበቅባቸው የተሠራውን ድምፅ ሳያለሰልሱ ማድረስ ነው፣ ጠንከር ማለታቸውም ለዚህ ያግዛል። በዚያ ላይ ቲዩቦቹ ስለማይጨነቁ ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ሲያልቁም ሙዚቀኛው ባለሙያ ሳይጠራ ተመጣጣኝ አራት 6L6 ገዝቶ መሰካት ይችላል። ከከተማ ወደ ከተማ ለሚዞር ባንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማስተካከያ የሚፈልግ ደግሞ በጠጋኝ ሊያስገጥም ይችላል፤ በራሱ መክፈት ግን የለበትም፣ ከመስመር ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሊገድል የሚችል ቮልቴጅ ይቆያል።

የማልከራከርባቸው ጉድለቶችም አሉ። ለስላሳ፣ የጠራ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ይህን አምፕ አይግዛ። በመጀመሪያው ሞዴል ሁለቱ ቻናሎች (ተጫዋቹ እየቀያየረ የሚጠቀምባቸው የድምፅ መንገዶች) የቤዝና የትሬብል ቁልፎችን ይጋራሉ፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ይህ የተፈታው በኋላ በመጣው 5150 ሁለት ላይ ነው። የዲስቶርሽኑን መጠን የሚወስነው የጌይን ቁልፍ ከግማሽ ሲያልፍ የሚጨምረው ከሙዚቃው ይልቅ «ሽሽ» የሚለው ጫጫታ ነው። ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እነዚህን ሁሉ አምኜ እንኳ ፍርዴ አይለወጥም፤ ዋሽንት ቤዝ አይጫወትም ብሎ የሚወቅሰው የለም።

«ኮምፒውተር ባለበት ዘመን ማን ቲዩብ ይሸከማል?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ክርክር የሚሰጠውን ድጋፍ ጠያቂዎቹ ያስተዋሉት አይመስለኝም። ዛሬ አምፖችን በሶፍትዌር የሚያስመስሉ ዲጂታል መሣሪያዎች በዝተዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውስጥ የ5150 ቅጂ አለ፣ አንዳንዶቹ ለባለቤትነት መብት ሲሉ ቁጥሩን ትንሽ ለወጥ አድርገው ያስገቡታል። በኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ውድና ርካሽ አምፕ የሚባል የለም፤ እጅግ ውዱም እጅግ ርካሹም በአንድ ጠቅታ ይገኛል። ተጠቃሚው ኪሱን ሳያይ፣ ጆሮውን ብቻ አምኖ በሚመርጥበት በዚህ ቦታ 5150 አሁንም ከተመራጮቹ አንዱ ነው። ዋጋው ከስሌቱ ከወጣ በኋላም ጥሩነቱ ከዘለቀ፣ ጥሩነቱ ከዋጋው የመጣ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ፣ ቁጥሩ በትልልቅ ፊደል የተጻፈባቸው አምፖችም አሁን በሰብሳቢዎች እየተፈለጉ ዋጋቸው ወጥቷል።

የቲዩብ አቅርቦት ግን እውነተኛ ስጋት ነው። ዛሬ ቲዩብ በብዛት የሚያመርቱት ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ያሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው፤ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሩሲያው አቅርቦት ተናግቶ ዋጋው አሻቅቦ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጫወት ጊታሪስት ችግሩ ይበዛል። ሮክን ከአማርኛ ዜማ ጋር ያዋሐደው ጃኖ ባንድ ያስለመደን ዓይነት ጠንካራ የጊታር ድምፅ የሚፈልግ ወጣት በእጅ የተሠራ ውድ አምፕ የማግኘት ዕድሉ የመነመነ ነው፤ ያገለገለ 6505 ግን አሜሪካ ያለ ዘመድ ሊልክለት ይችል ይሆናል። የሚላክለት ካለ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አስቀድሞ ያስነብብ። የአሜሪካው የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ትራንስፎርመሩም አምፑ ከመስመር የሚስበው ከ120 ዋት እጅግ ስለሚበልጥ ሰፋ ያለ አቅም ይኑረው። አንድ ሙሉ የቲዩብ መለዋወጫም አብሮ ይምጣ። ሲበራ እንደ ድሮው ባለ ቲዩብ ሬዲዮ እስኪሞቅ አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡት፤ ከዚያ የፕሪ ጌይኑን ቁልፍ 4 ላይ አድርጎ፣ ሬዞናንሱን መሐል ላይ አቁሞ መጀመር ነው።