ለእናታችሁ አሞክሳሲሊን አትላኩ!

የእኛ አገር ሰው ራሱን ካመመው በሽታው አንድ ነው፤ ሳይነስ! ግንባሩን ወጋ ያደረገው ሳይነስ አለበት። አፍንጫው የታፈነው ሳይነስ አለበት። ቡና ዘግይቶበት ሐራራ ናላውን ያዞረው ሰውዬ እንኳ «ይቺ ሳይነሴ ዛሬ ተነሳችብኝ» ይላል። የበሽታው ስም ከታወቀ ደግሞ መድኃኒቱም ይታወቃል፤ አሞክሳሲሊን። ሐኪም ምን ያደርጋል? ምርመራ ምን ያደርጋል? መድኃኒት ቤት ጎራ ማለት ነው። «ለሳይነስ የሚሆን ነገር ስጠኝ።» አሥር ፍሬ ይቆጠራል፣ ብር ይከፈላል፣ አለቀ!

እኔ ዛሬ ጠቤ ከዚህ ልማድ ጋር ነው። በተለይ ደግሞ ከእናንተ ጋር፤ ተምራችሁ ከተማ ከገባችሁት፣ ያሻችሁን ነገር ከስልካችሁ ላይ ማንበብ ከምትችሉት፣ ግን አገር ቤት ያለችው እናታችሁ «ራሴን አመመኝ» ባለች ቁጥር ካፕሱል በፌስታል ቋጥራችሁ በአውቶቡስ ከምትልኩት ልጆች ጋር። ፍቅራችሁን አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት ፌስታሉን ነው።

የማውቀውን አገር ላንሳ። ሮቢትን። ለማታውቋት፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትጓዙ ጎብዬን አልፋችሁ የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በጋ ላይ ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ ያ ሁሉ ሜዳ ራቁቱን ይቀራል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር አቧራው ሰዉን፣ ከብቱንና ሱቁን እኩል ያለብሳል። አውድማ ላይ የማሽላው ብናኝ አለ። ማድቤት ገባ ስትሉ ደግሞ የአገዳና የኩበት ጭስ። የሮቢት እናት በዚህ መሃል ነው እንጀራ የምትጋግረው፣ ቡና የምታፈላው፣ ዕጣን የምታጨሰው። ታዲያ አፍንጫዋ ቢታፈን፣ ግንባሯ ቢከብዳት፣ ዐይኗ ቢያለቅስ ምኑ ይገርማል? የሚገርመው ሌላ ነው። አቧራና ጭስ የሚገድል አንቲባዮቲክ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ እኛ ግን እንልካለን!

እስቲ መጀመሪያ ሳይነስ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም። ሁላችንም አለን፤ ጤነኛውም በሽተኛውም። በፊታችን አጥንት ውስጥ ያሉ አየር የሞላባቸው ክፍት ቦታዎች ናቸው። በአራት ጥንድ ይከፈላሉ፤ በጉንጭ ውስጥ፣ በግንባር ውስጥ፣ በሁለቱ ዐይኖች መሃል እና ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ውስጥ ጠልቆ። ውስጣቸው በስስ ሽፋን ተለብጧል። ሽፋኑ ንፍጥ ያመነጫል፤ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ደግሞ ያንን ንፍጥ፣ ከያዘው አቧራና ተህዋሲ ጋር፣ እየጠረጉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያወጡታል። የጉንጩ ሳይነስማ ጉድ ነው፤ መውጫው ያለው ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል ነው። ስለዚህ ፀጉሮቹ ንፍጡን ሽቅብ መግፋት አለባቸው። ሽፋኑ በጉንፋን፣ በአለርጂ ወይም በጭስ ካበጠ ያቺ ጠባብ በር ትዘጋለች። ውስጡ ይታቆራል፣ ይከብዳል፣ ያማል። በሽታው ሳይነሳይተስ የሚባለው ያኔ ነው።

በሩን የዘጋው ማን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ያው የምናውቀው ጉንፋን። ከመቶ አዋቂ ጉንፋን ከያዛቸው ሰዎች ባክቴሪያ ተጨምሮባቸው ሳይነሳቸው የሚመረዘው ሁለት ቢሞሉ ነው። አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ቫይረስን አያውቀውም፣ አለርጂን አያውቀውም፣ ጭስን አያውቀውም። «ንፍጤ አረንጓዴ ሆኗል፣ መርዟል ማለት ነው» የምትሉም አላችሁ። አይደለም። ያ ቀለም የሚመጣው ሰውነታችን ለመከላከል ከሚልካቸው የነጭ ደም ሕዋሳት ነው፤ በተራ ጉንፋንም ይመጣል።

«እኔ ግን ወስጄ ተሽሎኛል» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ! ሳትወስዱም ይሻላችሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪም «አጣዳፊ ሳይነሳይተስ» ያላቸውን 166 አዋቂዎች ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ አሞክሳሲሊን፣ ለግማሹ ምንም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ልዩነት የለም። በአሥረኛውም ቀን ልዩነት የለም። የሚድነው ሰውነት ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ካፕሱሉ!

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብን» ያሉ ወይም ሐኪም እንዲያ ያላቸው 2,991 ሰዎችን መረመረ። ከመቶው 88ቱ ምልክታቸው የማይግሬን ሆኖ ተገኘ። ማይግሬን! ይህ በአሜሪካኖች ላይ የተሠራ ነው፣ እዚህ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ማይግሬንም ግንባርና ጉንጭ ላይ ሊያም ይችላል፣ አፍንጫ ሊያፍንና ዐይን ሊያስለቅስ ይችላል፣ ስለዚህ ያታልላል። እናታችሁ ራሷን ሲያማት ብርሃን የምትጠላ ከሆነ፣ የሚያቅለሸልሻት ከሆነ፣ ጨለማ ክፍል ገብታ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠፍራ የምትተኛ ከሆነ፣ የራሱ ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን በየሦስት ወሩ አሞክሳሲሊን ስትልኩላት ዓመታት አለፉ። እሷም «ሳይነሴ አልለቀኝ አለ» እያለች ትኖራለች።

እስካሁን ያልኩት «አይጠቅምም» ነው። አሁን ደግሞ «ይጎዳል» ልበል። ሆድ ማስቀመጡ፣ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ሰው እስከ ሞት ሊያደርስ መቻሉ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ባክቴሪያው መማሩ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በንግግሩ መጨረሻ ላይ አንድ ምሳሌ አምጥቶ ነበር። ጉሮሮውን ያመመው ሰውዬ በራሱ ጊዜ ፔኒሲሊን ገዝቶ፣ አሳንሶ ይወስዳል፤ ባክቴሪያው ሳይሞት ይለመድበታል። ያንኑ የለመደውን ለሚስቱ ያስተላልፍባታል። ሚስትየዋ የሳንባ ምች ሲይዛት መድኃኒቱ እምቢ ይላታል፣ ትሞታለች። ሰውየው በገዛ እጁ ሚስቱን ገደላት ማለት ነው። ይሄን ያለው የመድኃኒቱ አባት ነው፤ ያውም ገና መድኃኒቱ ገበያውን ሳይሞላው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው መሞቱ ተገምቷል። አሥሯን ፍሬ ተቀብላ፣ በሦስተኛው ቀን ሲሻላት አራቷን «ለሌላ ጊዜ» ብላ መሶብ ሥር ያስቀመጠች እናት የፍሌሚንግን ሰውዬ አታስታውሳችሁም? ነገ የጎረቤት ሕፃን የሳንባ ምች ሲይዘው የሚያስፈልገው ያው አሞክሳሲሊን ነው!

አሁን የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «አንቺ ከተማ ተቀምጠሽ ትቀልጃለሽ፤ ድሃ ሐኪም ከየት ያመጣል? ጤና ጣቢያው ወረፋ ነው፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ያለው ትልልቅ ከተማ ነው።» እውነት ነው። ከዚህም የባሰ እውነት አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ሐኪም ዘንድ መድረስ በማይቻልበት ጊዜ መድኃኒት ቤት የሄደን ሰው የምወቅስበት አፍ የለኝም። ግን እኮ ድህነት የበለጠ የሚያስጠነቅቀን ለዚህ ነው! ለማይሠራ ካፕሱል የተከፈለው ብር የድሃዋ ብር አይደለም እንዴ? እናንተስ ለመድኃኒቱ ያወጣችሁትን ለትራንስፖርትና ለካርድ ብትልኩላት ማን ከለከላችሁ?

ባለ መድኃኒት ቤቶችም አታምልጡ። በሕጋችን አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። «እኔ ባልሸጥ ጎረቤቴ ይሸጣል» መልስ አይደለም። ነጭ ጋዋን ለብሶ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰውና ባቄላ በጣሳ የሚሰፍር ሰው ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ፋርማሲስቱ «ይሄ አያስፈልግሽም እናቴ» ማለት ይችላል። ማለት ካልቻለ ጋዋኑን ያውልቅ!

እሺ፣ ምን እናድርግ? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ የማይወራለት።

የመጀመሪያው ጨውና ውሃ ነው። አትሳቁ! እንግሊዝ ውስጥ ሳይነስ የሚመላለስባቸውን 871 ሰዎች ይዞ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ምልክቶቹን እንደሚያቀል አሳይቷል። እንፋሎት መታጠን ግን ከራስ ምታት በቀር ያመጣው ለውጥ አልነበረም። አሠራሩ ይህ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አምስት ደቂቃ ይፍላ፣ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ፣ አንድ ልክ የሞላ (ያልተቆለለ) የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርበት። ጎንበስ ብሎ፣ ራስን ዘንበል አድርጎ፣ በንጹሕ መርፌ አልባ ስሪንጅ ወይም በሚጨመቅ ፕላስቲክ በአንዱ ቀዳዳ ቀስ ብሎ መልቀቅ፤ በሌላው ይወጣል። ውሃው ሳይፈላ ግን በፍጹም! በ2011 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ያልፈላ የቧንቧ ውሃ በአፍንጫቸው ያስገቡ ሁለት ሰዎች አንጎል በምትበላ አሜባ ሞተዋል። ብርቅ ነገር ነው፤ ማፍላት ግን ቀላል ነው።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ለሰውነት ዕረፍትና ፈሳሽ። አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችን ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ አትጠቀሙ፤ ካለፈ አፍንጫው ራሱ ሱስ ይዞት ያለ ጠብታ አልከፈት ይላል። በአለርጂ ለሚሰቃይ ወይም ሕመሙ 12 ሳምንት ላለፈው ሐኪም የሚያዝዘው በአፍንጫ የሚነፋ የስቴሮይድ መድኃኒት አለ፤ ለብዙ ሰው ከካፕሱሉ ይልቅ የሚረዳው እሱ ነው። አንድ ጎን ብቻ እያመመ መጥፎ ሽታ ካለው ደግሞ ላይኛውን መንጋጋ ጥርስ አሳዩ፤ የተበላ ጥርስ ሥሩ ከጉንጩ ሳይነስ ጋር ጎረቤት ነው።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አላልኩም። ምልክቱ 10 ቀን አልፎ ምንም ካልተሻለ፣ ተሽሎ እንደገና ከባሰ፣ ወይም ከ39 ዲግሪ የማያንስ ትኩሳት ከመግል መሰል ንፍጥና ከፊት ሕመም ጋር ለሦስትና አራት ቀን ከቆየ ሐኪም ያስፈልጋል። ሐኪሙ ካዘዘ ደግሞ እንዳዘዘው ይወሰድ። የዐይን ዙሪያ ካበጠ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም አንዱ ሁለት ከሆነ፣ ግንባር ካበጠ፣ አንገት ከገተረ፣ ሰውየው ከቀባዠረ ግን የዚያኑ ቀን፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል! ያኔ ጨው ውሃ እያሉ መቀመጥ ሞኝነት ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ማድቤቱ። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተሰብ ከዘጠኝ የማያንሰው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠርቶ ገበያ ላይ ከዋለ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል። ለማድቤቱ ጭስ ማውጫ ማበጀት፣ ግድግዳው ላይ መስኮት መክፈት፣ ማሽላ ሲወቃ አፍንጫንና አፍን በነጠላ ወይም በማስክ መሸፈን ሐኪም አይጠይቅም። ለፋሲካ አገር ቤት ስትገቡ በሻንጣችሁ መድኃኒት ከምትይዙ፣ አንድ ቀን ማድቤቱ ውስጥ ገብታችሁ እናታችሁ ጋግራ እስክትጨርስ አብራችሁ ቁሙ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ሳይነስ» የያዘው ማንን እንደሆነ እናያለን!

የራያ እናት ልጇ የላከላትን አትጠራጠርም። «ልጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝ» ብላ በኩራት ትውጠዋለች። ለዚህ ነው ቁጣዬ እናንተ ላይ የበረታው። እሷ የምታምነው አሞክሳሲሊንን አይደለም፤ እናንተን ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውሉላትና ጠይቋት፤ ሕመሙ ከየት ይጀምራል? ስንት ቀን ይቆያል? ብርሃን ያስጠላሻል? ስትጋግሪ ይብስብሻል? መልሷን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ይዛው ትሂድ። መሶብ ሥር ያስቀመጠቻቸውንም ፍሬዎች እንዳትውጣቸው ንገሯት።

ቸር ሰንብቱ!