ርዕሰ አንቀጽ፦ የጉና ውሃ ጠያቂ ይኑረው

ማታ መብራት ሲጠፋ በየመኝታ ክፍላችን የሚሰማው ጉርምርምታ የታወቀ ነው። ሹማምንቱን እናማለን፤ ሻማ ፈልገን እናነባለን፤ መብራቱ ሲመጣ ነገሩን እንረሳዋለን። ዛሬ ግን ከጉርምርምታው አልፈን ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገር ወደናል።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ቀና ብሎ ጉናን ያላየ በመካከላችን የለም። ክረምት ከጉና የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል። ከጣና ወጥቶ በ1950ዎቹ የተሠራውን የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲያዞር ኖሯል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙው በዋሻ ተመርቶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን ጣና በለስን ያንቀሳቅሳል። ፏፏቴው ምን ያህል እንደቀጠነ ያየ ያውቀዋል። እንግዲህ የኃይሉ ምንጭ ከደጃችን ነው፤ ይሁን እንጂ በጉና ግርጌ ያለችው እናት ዛሬም እንጀራዋን የምትጋግረው በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።

ኩበቱ ለማሳው ማዳበሪያ በሆነ ነበር። ማሳው ሲራቆት አፈሩ ይታጠባል፤ የታጠበውም ወደ ርብ ይወርዳል። ሥራው በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ከተቆረጠለት ቀን እጅግ ዘገየ፤ ግድቡ ካለቀ በኋላም የፎገራ ገበሬ ቦዩን ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ለግድቡ ሲባል ከመሬቱ የተነሣው ሰውስ?

ሕግ አልጠፋም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ ውሃና ደንን ለሚመጣው ትውልድ የሚጠበቁ አደራ አድርጓቸው ነበር። የ1987ቱም በ55ኛው አንቀጽ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይቀር ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ጉድለቱ ያለው ከአጠያየቁ ላይ ነው። ከክልል ክልል የሚያልፈው ወንዝ የፌዴራሉ፥ ተራራው የክልሉ ነው። የውሃው ሹም ስለ ግድቡ፥ የኃይሉ ሹም ስለ ሜጋ ዋቱ፥ የግብርናው ሹም ስለ ችግኙ ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ከጉና ተነሥቶ ግድብ ስለሚሞላው አፈር መልስ መስጠት ግን የማንም ተራ አይደለም።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ቋሚ ኮሚቴዎቹና የክልሉ ምክር ቤት ሦስቱን መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን አንድ ላይ አቁመው ይጠይቁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ እንግዲያው የግድቡ ጥናት ገበሬው በሚገባው አማርኛ በየቀበሌው ይነበብ። የሰላም መታጣት መንገዱን እንዳከበደው እናውቃለን፤ ጥያቄን በጽሑፍ ከማቅረብ ግን አያግድም።

እኛስ? ስለ ርብና ስለ ጉማራ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፍን ጥቂት አይደለንም፤ ጽሑፉ ግን በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። መምህራኖቻችን ቢያግዙን ስለ አፈሩ የተለካውን አውጥተን፥ ሰው በሚያነበው አማርኛ ጽፈን፥ ከዚህ ዞን ለተመረጡት እንደራሴዎች እንልካለን። ፈቃደኞች እስከ መጪው ዓርብ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስማችሁን አስመዝግቡ።