የካሜሩን ገበሬ ማሳ እና የዲፕሎማሲው ዝምታ

በካሜሩን ደቡብ ምዕራብ ክልል፣ በኩምባ ከተማ ዙሪያ በሚገኙ መንደሮች ዋነኛው የኮኮዋ ምርት የሚሰበሰበው ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ኮኮዋ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። የበሰለው ፍሬ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ መለቀም፣ ተሰብሮ የወጣው ዘር ለአምስትና ለስድስት ቀናት መብላላት፣ ከዚያም በፍጥነት መድረቅ ይኖርበታል። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ የፀረ ፈንገስ መድኃኒት በወቅቱ ካልተረጨ ፍሬን የሚያጠቁር በሽታ ማሳውን ያዳርሰዋል። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ቤተሰቡን ይዞ ለአንድ ወር ጫካ የገባ ገበሬ ሲመለስ የሚጠብቀው የዓመት ልፋቱ በዛፉ ላይ ጠቁሮ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የሰሜን ምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ክልሎች የሚኖሩ ገበሬዎች ሕይወት ይህን ይመስላል። በመንግሥት ጦርና “አምባዞኒያ” የተባለ ነጻ ሀገር ለመመሥረት በሚዋጉ ታጣቂዎች መካከል በሚካሄደው ግጭት ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሰብዓዊ መብት ተቋማት ይገልጻሉ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ድንበር ተሻግረው ናይጄሪያ ገብተዋል።

የችግሩ ሥር ከቅኝ ግዛት ዘመን ይመዘዛል። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ ካሜሩንን እንግሊዝና ፈረንሳይ ተከፋፈሏት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1961 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ፣ በእንግሊዝ ሥር የነበረው ደቡባዊ ክፍል ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካሜሩን ጋር በፌዴሬሽን ለመዋሐድ መረጠ። ፌዴሬሽኑ ግን በ1972 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቶቻችንና ትምህርት ቤቶቻችን በማናውቀው ቋንቋና ሕግ ይመራሉ የሚለው ቅሬታ እየተጠራቀመ መጣ። በ2016 መገባደጃ ጠበቆችና መምህራን በሰላማዊ መንገድ አደባባይ ወጡ። የተሰጣቸው ምላሽ እስርና ኃይል ነበር፤ በጥር 2017 ደግሞ በሁለቱ ክልሎች ኢንተርኔት ለ93 ቀናት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 1 ቀን ተገንጣዮቹ ነጻነት አወጁ፤ ጦርነቱም ተቀጣጠለ።

ጦሩ ታጣቂዎችን ለማሳደድ በሚያካሂዳቸው ዘመቻዎች መንደሮች መቃጠላቸውን የሰብዓዊ መብት ተቋማት በሳተላይት ምስልና በዓይን እማኞች ቃል አረጋግጠዋል። ቤት ሲቃጠል የሚነድደው ጣሪያው ብቻ አይደለም። በጎተራ ያለው እህል፣ ለዘር የተቀመጠው በቆሎ፣ የመርጫ መሣሪያው ሁሉ አብሮ ይነድዳል። ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ማሳው ቢመለስ እንኳ የሚዘራው አይኖረውም።

የታጣቂዎቹም እጅ ንጹሕ አይደለም። ዘወትር ሰኞ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ያውጃሉ፤ ገበያና መንገድ ይዘጋሉ፤ ከኮኮዋ ነጋዴና ከገበሬ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ሰው አግተው ቤዛ ይጠይቃሉ። ትምህርት እንዲቆም በማስገደዳቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ለዓመታት ከክፍል ርቀዋል። በጥቅምት 2020 በኩምባ ትምህርት ቤት ውስጥ በታጠቁ ሰዎች ቢያንስ 7 ሕፃናት ተገድለዋል። ሙዝ፣ ጎማና የዘንባባ ዘይት የሚያመርተውና ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች የነበሩት የካሜሩን ልማት ኮርፖሬሽን በታጣቂዎች ጥቃት አብዛኛውን እርሻውን ለመዝጋት ተገድዶ ነበር፤ ለሥራ በመውጣታቸው ጣታቸው የተቆረጠ ሠራተኞችም አሉ። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚለው ብሂል በዚያ ምድር በየቀኑ የሚታይ እውነት ሆኗል።

ታዲያ መፍትሔው ከወዴት ይምጣ? ከ1982 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት ፖል ቢያ ጉዳዩ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ነው የሚል አቋም አላቸው። በ2019 ብሔራዊ ውይይት ተጠርቶ፣ ለሁለቱ ክልሎች ልዩ ደረጃ የሚሰጥ ሕግ ወጥቷል። ሆኖም ዋነኞቹ የተገንጣዮች መሪዎች ከውይይቱ በፊት በወታደራዊ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው ስለነበር፣ ተኩሱን ማስቆም የሚችል ወገን በጠረጴዛው ዙሪያ አልተቀመጠም። ስዊዘርላንድ በዚያው ዓመት የጀመረችው የማሸማገል ጥረት ፍሬ አላፈራም። በጥር 2023 ካናዳ ወገኖቹ ለሰላም ሂደት ተስማምተዋል ብትልም፣ ያውንዴ በቀናት ውስጥ ማንንም ሸምግሉን አላልንም ብላ አስተባበለች።

ከዚህ ተነሥቶ የውጭ ጫና ዋጋ የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው። የንጋርቡ መንደር ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2020 በሰሜን ምዕራብ ክልል በምትገኘው በዚህች መንደር ወታደሮችና አብረዋቸው የዘመቱ ታጣቂዎች ቢያንስ 21 ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፤ 13ቱ ሕፃናት ነበሩ። መንግሥት በመጀመሪያ ነዳጅ ፈንድቶ የደረሰ አደጋ ነው አለ። ከቀናት በኋላ በፓሪስ የግብርና ትርዒት ላይ አንድ ካሜሩናዊ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮንን በአደባባይ ሞገታቸው፤ እርሳቸውም በቢያ ላይ ከፍተኛ ጫና እንደሚያሳድሩ ቃል ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ገለልተኛ ምርመራ ጠየቀ። በሚያዝያ ወር መንግሥት የራሱን የምርመራ ውጤት ይፋ አድርጎ ጦሩ እጁ እንዳለበትና ማስረጃ ለመሸፋፈን መሞከሩን አመነ፤ ሦስት ወታደሮችም ለፍርድ ቀረቡ። ችሎቱ በተደጋጋሚ ቀጠሮ ተጓትቷል። ቢሆንም ያለ ጫና ያ እምነት እንኳ ባልተገኘ ነበር።

አሜሪካም በ2019 ወታደራዊ እርዳታዋን በከፊል አቋርጣ፣ በ2020 መጀመሪያ ካሜሩንን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጥታለች። እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የንግድ በር መዝጋት ያዘዘውን ባለሥልጣን ሳይሆን አምራቹን ሊጎዳ ይችላል። ውጤታማ ጫና መንደር ያቃጠለን አዛዥና ትእዛዝ ሰጪውን በስም ለይቶ ጉዞውንና ሀብቱን የሚያግድ፣ የጦር መሣሪያ ሽያጭን የሚገታ፣ ለእርዳታ ሠራተኞች መንገድ እንዲከፈት የሚያስገድድ ነው። በያውንዴ ውሳኔ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሰሜን ምዕራብ ክልል ሥራው ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ መታገዱ፣ ይህ መንገድ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳያል።

ጫናው ለሁለቱም ወገን መድረስ ይኖርበታል። የተገንጣዮቹ መሪዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው፤ ገንዘብ የሚሰበስቡትም፣ ትእዛዝ የሚያስተላልፉትም ከዚያ ሆነው ነው። አንዱ መሪ በመስከረም 2024 በኖርዌይ መያዙ፣ እነዚህ ሀገራት ከፈለጉ ሕጋቸውን ሥራ ላይ ማዋል እንደሚችሉ አሳይቷል።

ከሁሉም በላይ ግን ኀላፊነቱ የአፍሪካ ኅብረት ነው። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ኅብረት የመመሥረቻ ሰነዱ ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ጣልቃ የመግባት መብት ይሰጠዋል። ከቅኝ ግዛት የወረሰው ድንበር እንዲከበር መሻቱ የሚያከራክር አይደለም። ድንበርን ማክበር ግን በድንበሩ ውስጥ ያለውን ሰው ሕይወት ከመጠበቅ ጋር አይጣላም። የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር በኅዳር 2019 ያውንዴን ጎብኝተው ነበር፤ ጉብኝቱ ግን ቀጣይነት ያለው ሽምግልና አልወለደም። የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ጉዳዩን ቋሚ አጀንዳው ሊያደርገው፣ ልዩ መልእክተኛ ሊሰይም፣ ቢያንስ በመኸር ወራት ተኩስ እንዲቆም ሊጠይቅ ይገባል። የመኸር ተኩስ አቁም ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፤ ማሳው ላይ ለሚቆመው ገበሬ ግን የዓመት እንጀራ ነው።

በባሜንዳ ከፍታዎች የሚበቅለው አረቢካ ቡና ዝርያው ከኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የተገኘ ነው። ቡናውን ያሳደገ ገበሬ በወቅቱ ካልለቀመው ምን እንደሚያጣ ለከፋም ሆነ ለጅማ ገበሬ ማስረዳት አያሻም። ኮኮዋ በ2024 በዓለም ገበያ በቶን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ከዚያ ዋጋ ሊጠቀም ይገባው የነበረው የኩምባ ገበሬ ወደ ማሳው ለመሄድ ሁለት ታጣቂ ወገኖችን መፍራት ነበረበት። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሳይተኮስበት ወጥቶ፣ ሳይተኮስበት እንዲገባ ነው። ያን ማድረግ የሚችሉት መሣሪያ የያዙት ናቸው፤ እነርሱን ማስገደድ የሚችሉት ደግሞ እስካሁን በአብዛኛው ዝም ያሉት መንግሥታት ናቸው።