በረዶውን የሚለኩ ዜጎች፣ ማስጠንቀቂያው በቋንቋቸው የማይደርሳቸው ጎረቤቶች

የበረዶ ውሽንፍር ወደ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ሲቃረብ ሥራ የሚበዛባቸው የትንበያ ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንደሮች ደመወዝ የማይከፈላቸው በርካታ ሰዎች ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነፋስ በማይበረታበት ገላጣ ቦታ ላይ ያኖራሉ፤ የዝናብ መለኪያቸውን ያዘጋጃሉ፤ ቴርሞሜትራቸውን ይፈትሻሉ። ዝናቡ ወደ በረዶ የተለወጠበትን ሰዓት፣ የተከመረውን በረዶ ጥልቀት፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የረጋውን ግግር ውፍረት መዝግበው ለብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ያስተላልፋሉ። ማስጠንቀቂያ ሲራዘም፣ ሲጠናከር ወይም ሲነሣ ከውሳኔው ጀርባ ካሉት መረጃዎች አንዱ የእነዚህ አማተር ታዛቢዎች ቃል ነው።

ማስጠንቀቂያ ሁለት ጫፎች አሉት። በአንደኛው ጫፍ መሬት ላይ ቆሞ የሚለካ ሰው አለ፤ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ሰምቶና ተረድቶ ራሱን የሚጠብቅ ሰው። በአሜሪካ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ በሁለቱም ጫፎች ሊኖረው የሚገባውን ቦታ አላገኘም። የታዛቢነት ሥልጠናው በዋናነት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በሌሎች ቋንቋዎች ባሰናዳቸው ማስጠንቀቂያዎች ውስጥም አማርኛ የለም። ይህ ክፍተት በትንሽ ወጪ ሊደፈን የሚችል ነው፤ ሳይደፈን የቀረ እንደሆነ ግን ዋጋው በሰው ሕይወት ይከፈላል።

ራዳር የማያየው

ሳተላይትና ራዳር ባሉበት ዘመን ማስመሪያ ይዞ በረዶ የሚለካ ሰው ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በራዳሩ አሠራር ውስጥ አለ። የራዳር ጨረር ከምድር ገጽ እየራቀ ስለሚሄድ ከጣቢያው 60 ማይል ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ማይል የሚጠጋ ከፍታ ይኖረዋል። ከዚያ በታች የሚሆነውን በቀጥታ አያይም። የበረዶ ውሽንፍር ጠባይ የሚወሰነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚያው ከታች ባለው አየር ነው። ከላይ በረዶ ሆኖ የተነሣው ሞቃት አየር ሲያጋጥመው ይቀልጣል፤ ከምድር አጠገብ ያለው አየር ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከሆነ ደግሞ በመንገዱ ላይ ጠጥሮ ይወርዳል፣ ወይም ዝናብ ሆኖ ወርዶ አስፋልቱን እንደነካ ይረጋል። የሁለት ዲግሪ ልዩነት አንዱን ሠፈር በውሃ ሲያረጥብ ሌላውን በመስተዋት መሰል ግግር ይሸፍነዋል።

የአየሩን ንብርብር ሙቀት የሚለኩት ባሉኖች በመደበኛነት በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይለቀቃሉ። በመካከል ያሉትን ሰዓታት ከሚሞሉት አንዱ የሰው ዓይን ነው። ለዚህ ዓላማ ብሔራዊው የኃይለኛ ማዕበል ምርምር ላቦራቶሪና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ኤምፒንግ የተባለውን የስልክ መተግበሪያ አቀረቡ። ማንኛውም ሰው በቆመበት ቦታ የሚወርደው ዝናብ፣ በረዶ ወይም በአየር ላይ የጠጠረ ጠብታ መሆኑን ስሙን ሳይገልጥ ያሳውቅበታል።

የጥር 2016ቱ ታላቅ ውሽንፍር የልኬትን ክብደት በግልጽ አሳይቷል። በሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው 17.8 ኢንች ሲሆን፣ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ25 ማይል በማይበልጥ ርቀት ላይ በሚገኘው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 29.3 ኢንች ተመዘገበ። ከልዩነቱ ከፊሉ የአየሩ ጠባይ ነው። ነገር ግን በሬገን የመለኪያው ጣውላ በበረዶው ተውጦ መጥፋቱ ታውቆ ጉዳዩ በይፋ ተመርምሯል። በረዶ እየተከመረ ሲሄድ በክብደቱ ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ ጣውላው በደንቡ መሠረት በየጊዜው ተለክቶ ካልተጠረገ ቁጥሩ ያንሣል፤ ከደንቡ በላይ ቶሎ ቶሎ ከተጠረገም ያለ አግባብ ይበዛል። ቁጥሩ ተራ ነገር አይደለም፤ የአደጋ ጊዜ የፌዴራል ድጋፍ ጥያቄና የከተሞች የበረዶ ጠረጋ በጀት የሚመረኮዙት በእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ላይ ነው።

የቆየ የዜጎች ሥራ

ይህ የበጎ ፈቃድ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። የስሚዝሶንያን ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ ጆሴፍ ሄንሪ በ1840ዎቹ መጨረሻ ምልከታቸውን የሚልኩ በጎ ፈቃደኞችን አሰባሰበ፤ ቴሌግራፍንም ለአየር ሁኔታ መረጃ አዋለ። በ1890 የወጣው ሕግ የትብብር ታዛቢዎችን መርሐ ግብር መሠረተ፤ ዛሬም ከ8,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች በእርሻቸው፣ በግቢያቸውና በትምህርት ቤታቸው በየዕለቱ ይመዘግባሉ። የኒው ዮርኩ ገበሬ ሪቻርድ ሄንድሪክሰን ከ1930 ጀምሮ ከ80 ዓመታት በላይ ሲመዘግብ ኖሯል። በሐምሌ 1997 በኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ከተማ አምስት ሰዎች የሞቱበት ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ደግሞ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የዝናቡ መጠን ከሠፈር ሠፈር እጅግ እንደሚለያይ ስለታየ፣ በቀጣዩ ዓመት ኮኮራስ የተባለው የታዛቢዎች መረብ ተቋቋመ። ዛሬ ከ20,000 በላይ አባላት አሉት። ስካይዋርን በተባለው መርሐ ግብርም በመላ አገሪቱ ከ350,000 በላይ ሰዎች አደገኛ የአየር ሁኔታን ለይቶ የማሳወቅ ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናው በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ቀደም ያለ የሳይንስ ትምህርትም አይጠይቅም።

ከእነዚህ ትጉህ ታዛቢዎች ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት አማተር መኖሩ አይካድም። ውሽንፍሩ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከብዙዎቹ የኮምፒውተር ስሌቶች መካከል እጅግ አስፈሪውን መርጦ ካርታውን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያሰራጭ ማለት ነው። ስሌቶቹ በየቀኑ ደጋግመው ይሠራሉ፤ የጠዋቱ 20 ኢንች በማታው ሦስት ኢንች ሊሆን ይችላል። በራሱ ቋንቋ የተረጋገጠ መረጃ የማያገኝ ማኅበረሰብ ለዚህ ዓይነቱ ካርታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሁለት ጊዜ በከንቱ የደነገጠ ሰው ሦስተኛውን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ችላ ማለቱም የሚጠበቅ ነው።

አንድ ቃል፣ ብዙ አደጋ

አማርኛ ለዚህ አደጋ የተሰናዳ ቃል አጥሮታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። «በረዶ» ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚከመረውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም ይጠራል። «አመዳይ» በመጻሕፍት የሚታወቅ ቢሆንም በዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ «ዛሬ ማታ በረዶ ይጥላል» የሚል መልእክት የሰማ አሽከርካሪ የሚጠብቀው በዝግታ ሊነዳበት የሚችል ነጭ መንገድ ይሁን ወይስ ፈጽሞ ሊነዳበት የማይገባ የማይታይ ግግር አያውቅም። «ክረምት» የሚለው ቃልም ቢሆን ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው፤ አሜሪካ በብርድ የምትቆራመድበት ጥር ለእርሱ በጋ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የማስጠንቀቂያ ደረጃዎች መደበላለቅ ነው። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ «ዎች» ሲል አደጋው ሊደርስ ስለሚችል ተዘጋጁ ማለቱ ነው፤ «ዋርኒንግ» ሲል ግን አደጋው ደርሷል ወይም መድረሱ አይቀርምና ከመንገድ ራቁ ማለቱ ነው። ሁለቱም በአማርኛ «ማስጠንቀቂያ» ተብለው ከተተረጎሙ፣ ምግብና መድኃኒት የሚገዛበት ጊዜ እና ከቤት የማይወጣበት ጊዜ አንድ ይሆናሉ። ይህን ልዩነት የአማርኛውን አነጋገር የማያውቅ የማሽን ትርጉም ይጠብቀዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የጊዜ አለመለየት ምን ያህል እንደሚጎዳ የጥር 3 ቀን 2022ቱ ክስተት ምስክር ነው። በቨርጂኒያ አውራ ጎዳና 95 ላይ ወደ 50 ማይል በሚጠጋ ርቀት መንገደኞች ከአንድ ቀን በላይ በመኪናቸው ውስጥ ታግተው አደሩ። ሴናተር ቲም ኬይን ራሳቸው 27 ሰዓት በመንገድ ላይ ቆይተዋል። ቀድሞ የጣለው ዝናብ የጨው ውሃውን አጥቦ ይወስደው ስለነበረ መንገዱን አስቀድሞ ማከም አልተቻለም፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ በሰዓት ሁለት ኢንች ገደማ ወረደ። የእንደራሴ ሥልጣንም ሆነ የእንግሊዝኛ ችሎታ ከእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት አያድንም። በሌሊት የሚሠሩ የታክሲ ሹፌሮች፣ የሆስፒታልና የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኞች፣ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂዎች ግን ለአደጋው ከማንም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ከእነዚህም መካከል አማርኛ ተናጋሪው ጥቂት አይደለም።

በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ የአገዛዙን ቸልተኝነት ዋጋ በቁጥር አስቀምጧል። የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት 246 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። መብራት በጠፋበት ቤት ሙቀት ፍለጋ በተነሣ መኪና፣ ጄኔሬተር ወይም ከሰል ምክንያት በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው የሞቱ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በሂዩስተን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ይህ ሞት በቋንቋ ምክንያት ብቻ ደረሰ ማለት አይቻልም። ሆኖም ሽታና ቀለም የሌለው ጢስ ሊገድል እንደሚችል በሚገባ ቋንቋ፣ ብርዱ ከመድረሱ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ቤት መነገር ነበረበት።

ሕጉ የቆመበት

የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በስልክ ለሚላኩ የአደጋ ማስጠንቀቂያዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ 13 ቋንቋዎችን መርጧል፤ በጥር 2025 የጸደቁት ዝግጁ ጽሑፎችም በእነዚሁ ቋንቋዎች ናቸው። ዐረብኛ፣ ቬትናምኛና የሄይቲ ክሪዮል አሉበት፤ አማርኛ የለበትም። ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በማሽን የሚያስተረጉማቸው መልእክቶችም በጥቂት ቋንቋዎች የተወሰኑ ነበሩ። ያም ቢሆን በሚያዝያ 2025 የትርጉም ውሉ ጊዜው አልፎበት አገልግሎቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር።

የምርጫው መስፈርት በመላ አገሪቱ ያለው የተናጋሪ ብዛት መሆኑ የችግሩ ሥር ነው። የበረዶ ውሽንፍር የሚመታው አገርን በአማካይ ሳይሆን አንድን ከተማ ነው። በዋሽንግተን አማርኛ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት አንዱ ነው። የከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከአገልግሎት ፈላጊው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰዎች፣ ከሁለቱ የሚያንሰው፣ የሚናገሩት ቋንቋ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶች እንዲተረጎሙ ያዝዛል። የፌዴራሉም መስፈርት ይህን አርአያ ሊከተል ይገባዋል።

በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የ2000ውን የቋንቋ ተደራሽነት ትእዛዝ መሻሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ትእዛዝ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲለውጡ አያስገድድም፤ በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም በቦታው አለ። ትእዛዙን ለዝምታ ሰበብ ማድረግ ተቀባይነት የለውም።

«አብዛኛው ስደተኛ እንግሊዝኛ ይረዳል» የሚለው መከራከሪያም ሚዛን አይደፋም። ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ አረጋውያን ወላጆች፣ በቅርቡ የደረሱ ስደተኞች፣ ከእንቅልፉ በስልክ ጩኸት የተቀሰቀሰ ሰው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፣ በስተርሊንግ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በሲያትል የሚገኙ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ጽሕፈት ቤቶች የስካይዋርን ሥልጠናን ከማኅበረሰብ ማዕከላት፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመስጊዶች ጋር በመተባበር በአማርኛ ይስጡ። የኮኮራስ የዝናብ መለኪያ ዋጋ 40 ዶላር ገደማ ነው፤ በየሠፈሩ አንድ ታዛቢ ማስታጠቅ ከየትኛውም የካውንቲ በጀት በላይ አይደለም። የሠለጠነ ታዛቢ ለጎረቤቱ የታመነ ምንጭም ይሆናልና ሥልጠናው የወሬውን ካርታ ለመመከት ያገለግላል።

ሁለተኛ፣ የምክር ቤት አባላት የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ በአንድ አካባቢ በብዛት ለሚነገሩ ቋንቋዎች የአካባቢ ዝግጁ ጽሑፎችን እንዲፈቅድ ይጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች፣ የጤና ሠራተኞችና የአማርኛ አዋቂዎች ተሰብስበው አጭር የቃላት መድበል ያዘጋጁ። «የመዘጋጃ ጥሪ» እና «ማስጠንቀቂያ» ተለይተው ይቁሙ፤ «መሬት እንደነካ የሚረጋ ዝናብ» ከተራ በረዶ ተለይቶ ይጠራ።

አራተኛ፣ የበጎ ፈቃደኞች ትጋት ለበጀት ቅነሳ ማካካሻ አይሁን። በመጋቢት 2025 በሠራተኛ እጥረት ምክንያት በኦማሃና በራፒድ ሲቲ የባሉን ምጥቀት መቋረጡ ተነግሯል። በግቢው ጣውላ የዘረጋ ዜጋ ከደመናው በላይ ያለውን አየር ሊለካ አይችልም። የሁለቱ ሥራ ተደጋጋፊ እንጂ ተተኪ አይደለም።

እነዚህ አራት እርምጃዎች አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልጋቸውም። ከ1890 ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው መረብ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠውን ማኅበረሰብ እንደ ለኪም፣ እንደ ሰሚም ማስገባት ብቻ ነው የሚጠይቁት። የበጀት ውይይቱ የሚካሄደው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ የሕዝብ እንደራሴዎች ጽሕፈት ቤቶችና የማኅበረሰቡ ተሟጋቾችም ጥያቄውን ይዘው መቅረብ ያለባቸው ያን ጊዜ እንጂ መንገዱ በግግር ከተዘጋ በኋላ አይደለም።