አምኗልኮ!

«አምኗልኮ!» በዚህ ሳምንት የጎረቤታችንን ልጅ ጉዳይ ያዋየኋቸው የሕግ ሰዎች ሁሉ መልሳቸው ይቺው ናት። አምኗልኮ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ልጁ ያለውን ከእናቱ ጎን ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ዳኛው ክሱን አንብበው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ሲሉት፣ «አዎ ጌታዬ፣ መትቼዋለሁ፤ ግን በድንጋይ ሊፈነክተኝ ሲል ነው» አለ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ነው። ድንጋዩ የለም።

ይግባኝ ልበል ሲል «በቅጣቱ ላይ እንጂ በጥፋተኝነቱ ላይ አይቻልም» ተባለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 እንደዚያ ይላል፤ አልክድም። ግን የሕግ ሰዎቻችን 185ን በቃላቸው ሲወጡት 134 ትጠፋባቸዋለች። እሷ ደግሞ አመነ የሚባለው የተከሰሰበትን ነገር ምንም ሳያስቀር በሙሉ ሲቀበል ነው ትላለች። ራሴን ስከላከል ነው ያለ ሰው የቱን በሙሉ ተቀበለ?

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከጠበቃው ወዳጄ ጋር ያለኝን የቆየ ሙግት ታውቁታላችሁ። «መዝገብ ተከምሯል፣ ነገር ማለቅ አለበት» ይለኛል። መዝገቡን የከመረው የጎረቤቴ ልጅ ነው እንዴ? አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያሉት ነገር ማለቅ እንዳለበት ጠፍቷቸው አይደለም።

የእኛ ሰው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሽምግልና ላይ ያደገ ሕዝብ ነን። ሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ያላጠፋውም ለሰላም ሲል ይላታል፣ ተሳስመው ይለያያሉ። ችሎት ፊት የቀረበው ልጅም ያንኑ ጨዋነቱን ይዞ ነው የሚገባው። እናቱ ከዋዜማው ጀምራ «ልጄ፣ አትከራከር፣ እመንና ጣጣህን ጨርስ፤ ይቀልልሃል» ስትለው ነበር። ማን ይፈርድባታል? ቤቷ የምታውቀው ዳኝነት እሱ ነው።

የ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ የጥፋተኝነት ድርድርን ከደገፈ ወዲህ ስጋቴ ብሷል። ግልጽ ችሎት ላይ፣ ሕዝብ እየሰማ ድንጋይ ከጠፋ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ በር ዘግተው ሲደራደሩ ምን ይጠፋ ይሆን? አሜሪካኖቹን እዩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሰፈረው በፌዴራል ደረጃ ጥፋተኛ ከሚባለው 97 ከመቶው አምኖ ነው፤ በድርድሩ ውል ውስጥ «ይግባኝ አልልም» የሚል አንቀጽ ማስፈረምም የተለመደ ነው። እዚያም ቢሆን ፍርድ ቤቱ በ2019 ደንበኛው ይግባኝ በልልኝ ካለ ጠበቃው «ፈርመሃልኮ» ብሎ መቀመጥ አይችልም ብሏል።

ያመነ ሁሉ ይግባኝ ይበል አላልኩም። ሁሉን ተረድቶ፣ ምንም ሳያስቀር ያመነ ሰው በቅጣቱ ላይ ይከራከር፣ ይበቃዋል። ግን ይግባኝ የሚዘጋ ቃል ሲመዘገብ ከተከሳሹ አፍ እንደወጣ ይጻፍ። ያቺው 134 ዳኛው ከእምነቱ በኋላም ዐቃቤ ሕጉን «ማስረጃህን አሰማ» እንዲል ትፈቅድለታለች። ጥርጣሬ ሲገባው ይበለዋ! አንድ ምስክር መስማት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ልጁ ግን ወንጀለኛ ተብሎ የሚኖረው ዕድሜውን ነው።