ይድነቃቸውና የተጫዋች ንግድ

በገበያ ገጽ የኳስ ሰው ማንሳት ግር ያሰኝ ይሆናል። ይሁንና ይድነቃቸው ተሰማ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸውና ገበያን አያውቁም አይባልም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን መርተዋል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ።

በአፓርታይድ ላይ የያዙትን አቋም ብዙ ሰው ያስታውሳል። ለእኛ ለነጋዴዎች የሚቀርበን ግን ሌላው ክርክራቸው ነው፤ የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መጉረፉን አጥብቀው ተቃውመዋል። ጥሬ ቆዳ ልኮ ጫማ መሸመት ማለት ነው ነገሩ። በዚህ ክርክር ገበያው ረታቸው። ደላላው ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ተጫዋቹም ቤተሰቡን ይጦራል (ይህን እኔም አልነቅፍም)። ያሳደገው የሰፈር ክለብስ? ፊፋ ለአሳዳጊ ክለቦች የሥልጠና ካሳ እንዲከፈል የደነገገው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ እሳቸው ካረፉ ከ14 ዓመት በኋላ። ካሳውን ለመጠየቅ ደግሞ ልጁ የት፣ መቼ እንደተመዘገበ ማስረጃ ይጠየቃል። የእኛ ክለቦች ፋይሉን ይዘዋል?